ለአያቴ የጓሮ ቤት ስንሠራ፦ ፀሐይ፣ ቆርቆሮ፣ ጥቁር አፈርና የበር ስፋት

«በሰባ ስምንት ዓመቴ ጎጆ ልወጣ ነው እንዴ?» አለች አያቴ፣ ንድፉን የሳልኩበትን ወረቀት እያገላበጠች። ሁላችንም ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። አምና ደጃፏ ላይ አዳልጧት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት አሁን ባለ አራት እግር መደገፊያ (ብዙ ሰው «ዎከር» የሚለውን) ይዛ ቀስ እያለች ትራመዳለች። ከዚያ አዲስ አበባ እኛ ጋ መጣች። የእኛ ቤት ግን መኝታ ክፍሎቹ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ደረጃው 16 እርከን አለው። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ አልጋ ዘረጋንላት። እንግዳ ሲመጣ አልጋዋን በመጋረጃ እንጋርዳለን፤ እሷም እንግዳው እስኪሄድ ድረስ ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅዋን አጥፍታ ትቀመጣለች። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። እናቴ ይኼን እያየች እንቅልፍ አጣች።

ከዋናው ቤት ጀርባ 7 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ ነበረን። «እዚያ ላይ አንድ ክፍል እንሥራላት» ተባለ። ሥራው ደግሞ ለእኔ ተሰጠ፤ ምክንያቱም ሁለተኛ ዲግሪዬን በምሕንድስና እየሠራሁ ነው፤ እናቴም ለጎረቤት ስታወራ «ኢንጂነሩ ልጄ» ነው የምትለኝ። እኔም «28 ካሬ ሜትር ምን አላት፣ በሁለት ቀን ስዬ እጨርሳለሁ» አልኩ። አራት ወር ፈጀብኝ። ይኼ ጽሑፍ ለምን አራት ወር እንደፈጀብኝ ይናገራል። ትንሽ ቤት ውስጥ ብዙ ፊዚክስ አለ፤ ነዋሪው መውደቅ የሌለበት ሰው ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ዋጋ አለው።

«ሰርቪስ ውስጥ አልገባም»

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ግቢ ውስጥ «ሰርቪስ» የሚባለውን ያውቀዋል። ከዋናው ቤት ጀርባ፣ አጥሩን ተደግፎ በረድፍ የሚሠራ ነው፤ ወጥ ቤቱ፣ ዕቃ ቤቱ፣ የሠራተኛዋ ክፍል። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ያከራየዋል። አያቴም ይኼን አሳምራ ታውቃለች። ንድፉን ባሳየኋት ቀን የጠየቀችኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «ልጄ፣ ሰርቪስ ውስጥ የሚኖረው ማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ስለ ብሎኬቱ፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ቧንቧው አስልቻለሁ፤ ሰውየዋ ቤቱን ምን ብላ እንደምትጠራው ግን አላሰላሁም። ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩና በሌላ ቀን ሌላ ጥያቄ ይዤ መጣሁ፦ «እማማ፣ ከእንቅልፍሽ ከነቃሽ ጀምሮ ቀኑን እንዴት ነው የምታሳልፊው?»

በምሕንድስና ትምህርት ይኼ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ምን እንደሚፈለግ ሳታውቅ አትሳል ይባላል። እኔ ዘልዬው ነበር። መልሷ ይኸውላችሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ትነሳለች። ወደ ምሥራቅ ዞራ ትጸልያለች። የማለዳ ፀሐይ ሲወጣ ውጭ መቀመጥ ትወዳለች። ቡናዋን በከሰል ነው የምታፈላው፤ በኤሌክትሪክ የፈላ ቡና ለእሷ ቡና አይደለም። የግቢው በር ሲንኳኳ ማን እንደመጣ ማየት ትፈልጋለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ «እንግዳዬን የማስተናግድበት ደጅ» አለች።

ንድፉ ከዚያ በኋላ ተገለበጠ። ሰባቱን ሜትር እንዲህ ከፈልኩት፦ በምሥራቅ ጫፍ 1.5 ሜትር በረንዳ፣ የቀረው 5.5 ሜትር በ4 ሜትር ቤት። የቤቱ በር ወደ በረንዳው ይወጣል፤ መስኮቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ግቢው በር ያያል። ወጥ ቤትም ዕቃ ቤትም አጠገቡ የለም።

በነገራችን ላይ ይኼ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ በግቢ የሚሠራውን ትንሽ ቤት «ግራኒ ፍላት» ይሉታል፤ የአያት መኖሪያ እንደማለት ነው። በካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋሉ ሕጎች እንዲህ ያለ ቤት ለመሥራት ፈቃድ ማግኘትን አቅልለዋል። እኛ አገር ደግሞ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ እንዲህ ያለ ባለ አንድ ወለል ትንሽ መኖሪያ ይወድቅ የነበረው በምድብ «ሀ» ነበር፤ ቀላሉ ምድብ ማለት ነው። ቀላል ነው ማለት ግን ፈቃድ አያስፈልገውም ማለት አይደለም፤ የእኛን አባቴ ነው ተመላልሶ ያስጨረሰው።

ፀሐይ በየትኛው መስኮት ትግባ?

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ይቺ 9 ቁጥር ቤት ለሚሠራ ሰው ወርቅ ናት፤ ለምን እንደሆነ እንይ።

ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ መንገድ አትሄድም። ሰኔ 14 አካባቢ በቀትር ሰዓት ከአናታችን ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። ታኅሣሥ 12 አካባቢ ደግሞ ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ትወርዳለች። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የምድር ዘንግ ያጋደለው 23.4 ዲግሪ ነው። ለደቡቡ 9 ትደምሩበታላችሁ፣ ለሰሜኑ 9 ትቀንሱበታላችሁ። ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ፀሐይ በቀትር ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ በዚያ ሰዓት ውጭ ብትቆሙ ጥላችሁን እግራችሁ ሥር ነው የምታገኙት።

አሁን ወራቱን ከአየሩ ጋር አያይዟቸው። አዲስ አበባ ሌሊቱ የሚበርደው መቼ ነው? ከጥቅምት እስከ ጥር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ቀኑ ፀሐያማ ነው፣ ሌሊቱ ግን ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ልክ በእነዚህ ወራት ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ ትሄዳለች። እንግዲህ ደቡብን የሚያይ መስኮት ሙቀት በሚያስፈልገን ወራት ፀሐይን ይቀበላል፣ በማያስፈልገን ወራት አይቀበልም ማለት ነው። ሰሜንን የሚያይ መስኮት ፀሐይ የሚያገኘው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ያኔ ደግሞ ደመና ነው።

የጣሪያው ክንፍ እዚህ ላይ ይገባል። ከግድግዳው 40 ሳንቲ ሜትር ወጣ ያለ ክንፍ በታኅሣሥ ቀትር ግድግዳው ላይ የሚጥለው ጥላ 63 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የእኛ መስኮት የላይኛው ጠርዝ ከክንፉ 50 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ስለሚጀምር ጥላው የሚነካው የመስኮቱን አናት 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የቀረው በሙሉ ፀሐይ ነው። መጋቢት ሲመጣ ፀሐይ ከፍ ስለምትል የዚያው ክንፍ ጥላ ሁለት ሜትር ተኩል ይሆናል፤ መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ይጠለላል። ማንም መጋረጃ ሳይጎትት፣ ማንም ቁልፍ ሳይጫን። የመስኮታችን ስፋት 1.5 በ1.5 ሜትር ነው፤ በታኅሣሥ ቀትር ወደ 600 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ወደ ውስጥ ያስገባል። የመብራት ቆጣሪው ደግሞ አይነቃነቅም።

ሁለት ነገር ሊያበላሽብኝ ነበር። አንደኛው በረንዳው ነው። መጀመሪያ በመስኮቱ ፊት አድርጌው ነበር፤ 1.5 ሜትር የወጣ ጣሪያ ግን በታኅሣሥ እንኳ ከሁለት ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል፤ ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ አያይም ማለት ነው። በረንዳው ወደ ምሥራቅ ጫፍ የዞረው አያቴ የማለዳ ፀሐይ ስላማራት ብቻ አልነበረም። ሁለተኛው ዋናው ቤት ነው። ከጓሮው በስተደቡብ ቆሟል፣ ቁመቱ 7 ሜትር ነው። በታኅሣሥ ቀትር 7 ሜትር ቤት ወደ ሰሜን 4 ሜትር ተኩል ጥላ ይጥላል። በመካከላቸው ያለው ርቀት 6 ሜትር ስለሆነ ተረፍን። እናንተም ለመሥራት ካሰባችሁ ታኅሣሥ ላይ በቀትር ወጥታችሁ ጥላው የት እንደሚያርፍ በኖራ ምልክት አድርጉ። ከየትኛውም ሶፍትዌር ይሻላል።

ቆርቆሮው ሌሊት ምን ይሠራል?

ቀን ቀን ቆርቆሮ ቤት እንደሚግል ሁሉም ያውቃል። ሌሊት የሚሠራውን ግን ብዙ ሰው አያስተውልም።

ማንኛውም አካል ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ዙሪያው ይለቃል። ጣሪያ ደግሞ ዙሪያው ሰማይ ነው። ደመና ካለ ደመናው የራሱን ጨረር መልሶ ይልካል፤ ሰማዩ ጥርት ካለና አየሩ ደረቅ ከሆነ ግን የሚመለሰው ጥቂት ነው። አዲስ አበባን የመሰለ ከፍታ ላይ፣ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት፣ ቆርቆሮው ከዙሪያው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። ማለዳ ላይ ሣሩም መኪናውም ቆርቆሮውም ጤዛ የሚይዘው ለዚህ ነው። ኮርኒስ በሌለው ቤት ደግሞ ጤዛው ከውስጥ በኩልም ይይዛል፤ የተኛው ሰው የተነፈሰው እርጥበት ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። «ቤቱ ያፈሳል» ተብሎ ቆርቆሮ የሚቀየርበት፣ ግን ምንም ቀዳዳ የሌለበት ቤት አይቻለሁ።

እስቲ በቁጥር እንየው። ክፍሉ ውስጥ 18 ዲግሪ እንዲሆን እንፈልጋለን እንበል። ይኼን ቁጥር ከራሴ አላመጣሁትም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የቤትና ጤና መመሪያ በቅዝቃዜ ወቅት ቤት ውስጥ ከዚህ በታች ባይወርድ ይመከራል ያለው ነው፤ ለአረጋውያን ደግሞ ከዚያም ከፍ ቢል ጥሩ ነው። ውጭ 8 ዲግሪ ነው፤ ልዩነቱ 10። ጣሪያው ከውስጥ ሲለካ 18 ካሬ ሜትር ነው። ባዶ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ በዚያ ጣሪያ በኩል የሚያመልጠው ሙቀት ወደ 1,200 ዋት ነው። ከሥሩ የቺፕውድ ኮርኒስ ሲደረግ ወደ 450 ዋት ይወርዳል። ኮርኒሱ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር የመስታወት ሱፍ ሲነጠፍ ወደ 110 ዋት ይወርዳል።

110 ዋት ስንት ነው? ቁጭ ያለ ሰው ከሰውነቱ የሚያወጣው ሙቀት ወደ 100 ዋት ነው። ሱፉ የተነጠፈለት ጣሪያ የሚያባክነውን ሙቀት አያቴ ራሷ፣ ጋቢዋን ለብሳ በመቀመጥ ብቻ፣ ልትተካው ምንም አይቀራት። ባዶውን ቆርቆሮ ለመተካት ግን አሥራ ሁለት አያቶች ያስፈልጋሉ።

ልብ በሉ፣ ሥራውን የሠራው ውፍረት ወይም ጥንካሬ አይደለም። ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮን በሌላ ቆርቆሮ ብትደርቡት ብረቱ ራሱ ምንም አይጨምርም፤ ሙቀትን የሚያስቆመው ሱፉ ውስጥ የታሰረው አየር ነው። ጋቢም እኮ የሚያሞቀን በዚሁ ምክንያት ነው፤ በአራቱ ድርብ መካከል አየር ይዟል።

ሱፉ ሌላም ጥቅም ሰጠን፤ ክረምት ላይ የዝናቡን ጩኸት ቀነሰው። መጀመሪያ እንደ ምቾት ነበር የቆጠርኩት። በኋላ ግን ገባኝ፤ በዝናብ ሰዓት አያቴ ብትጣራ የሚሰማት መኖር አለበት።

«ግድግዳው ቀጭን ነው»

አያቴ የመሠረቱን መስመር አይታ እንዲህ አለች። እሷ ያደገችበት አካባቢ ቤት በድንጋይ ይሠራል፤ የግድግዳው ውፍረት የክንድ ያህል ነው። «ውስጡ ቀን ሙቀት አይገባው፣ ሌሊት ብርድ አይገባው» ትላለች። ድንጋይ እኮ ሙቀትን የሚያግድ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ከሱፍ ጋር ሲነጻጸር በደንብ ያሳልፋል። ታዲያ አያቴ ተሳስታለች?

አልተሳሳተችም። ድንጋይና ጭቃ ሙቀትን የሚይዙት እንደ ጋን ነው። ጋኑ እስኪሞላ ውሃው ወደ ሌላው ጎን አይፈስም፤ ሲሞላ ደግሞ የውጩ ሁኔታ ተቀይሯል። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን የአፈር ግድግዳ ሙቀት ለመሻገር 6 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ በመንገድም ላይ የቀኑና የሌሊቱ መዋዠቅ ወደ አንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የመጣው ሙቀት ወደ ውስጥ የሚደርሰው ማታ 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ ልክ በሚፈለግበት ሰዓት። ቆርቆሮ ላይ መዘግየት የሚባል ነገር የለም፤ ፀሐይ ደመና ውስጥ ስትገባ ወዲያው ይታወቃል።

እኔ ይኼን እንዲህ አድርጌ ነው ለራሴ የማስረዳው፦ ከባድ ግድግዳ ሌሊቱን አያይም፣ የሚያየው የቀኑንና የሌሊቱን አማካይ ነው። ቀን 23፣ ሌሊት 8 ከሆነ ግድግዳው የሚያውቀው 15 ተኩልን ነው። ቀላል ግድግዳ ግን 8ቱን ሲመጣ 8፣ 23ቱን ሲመጣ 23 አድርጎ ያሳልፋል።

የክንድ ያህል ድንጋይ ብንገነባ ግን ክፍሉ ያልቅ ነበር። 4 ሜትር ስፋት ላይ ሁለት ባለ 50 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ማለት ውስጡ 3 ሜትር ማለት ነው፤ አልጋ ተደርጎበት ዎከር አይዞርበትም። ስለዚህ የተስማማነው በ20 ሳንቲ ሜትር፣ ጥቂት ሲሚንቶ ተቀላቅሎበት በማሽን የተጠቀጠቀ የአፈር ብሎክ ላይ ነው፤ ውስጡ ባዶ ያልሆነ። ከውስጥ በጭድና በጭቃ ተለሰነ። አያቴ ልስኑን በመዳፏ ዳስሳ «ይኼስ ደህና ነው» አለች፤ ከእሷ አፍ የወጣ ትልቅ ምስጋና ነው።

ጥቁሩ አፈር

ስንቆፍር ያገኘነው ጥቁር አፈር ነበር። ይኼን አጭር አደርገዋለሁ፤ ግን ካልነገርኳችሁ ቤታችሁ ይሰነጠቃል።

ጥቁር አፈር ውስጥ ያለው የሸክላ ማዕድን እንደ መጽሐፍ ገጽ በተደራረቡ ስስ ቅጠሎች የተሠራ ነው። ውሃ ሲያገኝ ውሃው በገጾቹ መካከል ይገባና አፈሩ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸሻል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው መሬት ካያችሁ እሱ ነው። ትንሽ ቤት ደግሞ ከትልቅ ቤት ይልቅ ይጎዳል፤ አፈሩ ሲያብጥ የሚጫነው ክብደት ስለሌለው ብድግ ይላል። ይባስ ብሎ እኩል አያነሳውም፤ ጠርዙ ሲርስ መሐሉ ደረቅ ይሆናል።

እኛ አንድ ሜትር ያህል ቆፍረን ጥቁሩን አውጥተን በማያብጥ አፈር ሞላን፣ እየረገጥን። ከዚያ በላይ የድንጋይ መሠረትና የብረት ማሰሪያ ያለው ኮንክሪት። በዙሪያው ደግሞ አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ የሚያዘነብል የሲሚንቶ ንጣፍ። ዋናው ብልሃት ውሃ ከመሠረቱ እንዲርቅ ማድረግ ነው።

በር፣ ከፍታ፣ መያዣ

አሁን ወደ ተሳሳትኩበት ቦታ ደርሰናል።

ንድፉ ላይ የመታጠቢያ ቤቱን በር «80» ብዬ ጻፍኩ። አናጺው 80 ያለው ከነመቃኑ መስሎታል፤ ልክ ነው፣ እሱ ዕድሜ ልኩን እንዲያ ነው የሠራው። መቃኑ በሁለቱም ጎን 5፣ 5 ሳንቲ ሜትር ሲወስድ 70 ቀረ። በሩ ተከፍቶ ሲቆም የራሱ ውፍረት 4 ይወስዳል፤ 66 ቀረ። የአያቴ ዎከር 64 ነው። በወረቀት ላይ ያልፋል። አያቴ ግን ዎከሩን የምትይዘው በእጆቿ ነው፤ እጅ ደግሞ ውፍረት አለው። በመጀመሪያው ሙከራ የሁለቱም እጆቿ ጣቶች መገጣጠሚያ ላይ ቆዳው ተላጠ። ምንም አላለችም፤ ነጠላዋን ጠቅልላበት ተቀመጠች። እኔ ያየሁት ማታ ነው።

በማግሥቱ ግድግዳው ፈረሰ። አሁን መቃኑ ከውጭ እስከ ውጭ 100 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ንጹሕ ማለፊያው 86። በንድፌም ላይ ከዚያ ወዲህ የምጽፈው «ንጹሕ ማለፊያ» የሚለውን ብቻ ነው። በሩን ደግሞ ወደ ውጭ እንዲከፈት አደረግነው። ምክንያቱን አስቡት፤ ሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ በሩ ሥር ቢወድቅ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ያን ሰው እየገፋ ካልሆነ አይከፈትም።

የወለሉ ከፍታ ሌላ ክርክር ነበር። ዋናው ግንበኛ 45 ሳንቲ ሜትር ከመሬት ከፍ እንዲል ፈለጉ፤ የዝናብ ፍንጣሪ ግድግዳውን እንዳያበላሽ። ትክክል ናቸው። ግን ለዎከርና ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመከረው ተዳፋት 1 ለ12 ነው፤ 1 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት 12 ሳንቲ ሜትር መሄድ። ለ45 ሳንቲ ሜትር 5 ሜትር ከ40 የሆነ መንገድ ያስፈልጋል፤ ግቢው አይበቃም። «ታዲያ ሦስት ደረጃ ይሁን» አሉ። አያቴ የወደቀችው እኮ በአንድ ደረጃ ነው። በመጨረሻ 18 ሳንቲ ሜትር ላይ ተስማማን፤ መወጣጫው 2 ሜትር ከ16 ሆነ። የዝናቡን ፍንጣሪ ደግሞ በአሸንዳ ፈታነው፤ የጣሪያው ውሃ መሬት ላይ ካልወደቀ አይፈነጥቅም።

ሽንት ቤቱ አጠገብ የብረት መያዣ ተተከለ። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ በእርጥበቱ ምክንያት የሲሚንቶ ብሎኬት ነው፤ መያዣው በፊሸርና በብሎን ታሰረ፤ ያምራል። እኔ 68 ኪሎ ነኝ፤ ሁለት እጄን ሰጥቼ ወደ ኋላ ተንጠለጠልኩ። ብሎኑ ከነፊሸሩ ወጣና በጀርባዬ ተዘረጋሁ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ፊሸሩ የያዘው 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነችውን የፊቱን ቅርፊት ብቻ ነበር። መያዣ ደግሞ ጌጥ አይደለም፤ ሰው ሚዛኑን ሲስት ሙሉ ክብደቱን በድንገት የሚጥልበት ነው። መያዣው የሚያርፍባቸውን ብሎኬቶች ቀዳዳ በኮንክሪት ሞልተን፣ ብረቱን እዚያው ውስጥ ቀበርነው። አሁን እኔና ወንድሜ አብረን ተንጠልጥለንበታል።

የተቀሩት ነገሮች ቀላል ናቸው፦ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከፍታ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ሲረጥብ የማያንሸራትት ሸካራ ሴራሚክ፣ ዎከር እንዲዞር 1.5 ሜትር ክፍት ቦታ፣ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ትንሽ መብራት። ስለ መብራቱ አንድ ነገር ልጨምር። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ ሬቲና ላይ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ ብሌኑ ይጠብባል፣ ሌንሱም ይደፈርሳል። ለእናንተ በቂ የመሰለው አምፖል ለአያታችሁ ጨለማ ሊሆን ይችላል።

ከሰሉ

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው። ቤቱን ሙቀት እንዳያስወጣ አድርጌ ደፈንኩት፤ ቀጥሎ ደግሞ ከሰል የምታቀጣጥል ሴት አስገባሁበት።

ከሰል ሙሉ በሙሉ ሳይነድ ሲቀር ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስነጥስም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ሰውየው እየተነፈሰ ነው፣ አየሩም ኦክስጅን አለው፤ ደሙ ግን ቦታው ተይዞበታል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል። አደገኛው ደግሞ ጢሱ አልቆ ፍም ብቻ የቀረበት ሰዓት ነው፤ ብዙ ሰው «አሁንማ ጢስ የለውም» ብሎ ምድጃውን ወደ ቤት የሚያስገባው ያኔ ነውና።

አያቴን «ከሰል ተዪ» ማለት አልቻልኩም። ብል ደግሞ እኔ በሌለሁበት ታፈላለች። ስለዚህ በረንዳውን ለቡና እንዲመች አድርገን ሠራነው፦ ረከቦቱ የሚቀመጥበት ዝቅ ያለ መድረክ፣ ከነፋስ የሚጋርድ በሰሜን በኩል ግድግዳ፣ ለእንግዶች የተገነባ መደብ። ቡና ለማፍላት ከቤት ይልቅ በረንዳው የሚመች ከሆነ ማንም መምከር አያስፈልገውም። ቤቱ ውስጥ ደግሞ በግድግዳው ላይኛውና ታችኛው ክፍል የማይዘጉ ሁለት የአየር ማስገቢያዎች አሉ፤ ከሰል የቆጠብኩትን ሙቀት ትንሽ ይወስዱብኛል፤ ይውሰዱ።

አያቴ ኅዳር መጨረሻ ላይ ገባች። ካህን መጥተው ጸበል ረጩ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ እንግዶቹ በመደቡ ላይ ተቀመጡ። አልጋዋ አጠገብ የሙቀት መለኪያ ሰቅያለሁ። በታኅሣሥ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ውጭ 7 ሲሆን ውስጡ 17 ነበር። 18 አልደረሰም። አንዷ ዲግሪ በአየር ማስገቢያዎቹ እንደምትወጣ አውቃለሁ። ዋናው ቤት ወጥ ውስጥ የሚጮህ የደወል ቁልፍም ከአልጋዋ ራስጌ አለ፤ ለአደጋ ነበር የታሰበው፤ እስካሁን የተደወለው ግን ስኳር ሲያልቅ ነው። ስትጠራው ደግሞ «ቤቴ» ነው የምትለው። ሰርቪስ ያለ ሰው አልሰማሁም።

አንድ ሥራ ይቀራል። ጣሪያው 31 ካሬ ሜትር ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 30 ሚሊ ሜትር የጣለ ከባድ ዝናብ ከዚያች ጣሪያ 930 ሊትር ያወርዳል። አሸንዳው የሚያፈስበት ሮቶ 2,000 ሊትር ነው፤ ሁለት እንዲህ ያለ ዝናብና ትንሽ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው አሁን ባለበት ሁኔታ በቀጥታ የሚፈሰው ወደ መሠረቱ፣ ወደ ጥቁሩ አፈር ነው። የማስወገጃ ቧንቧውን ከሰኔ በፊት መቅበር አለብኝ።